ጠያቂ የሌለው ይቁረስ

«እሱ ከቆረሰ እኔ አልበላም!» አለ መምህሩ፣ በር ላይ ወደተቀመጠው ሃምሳ አለቃ እያመለከተ።

«ታዲያ ለአንድ ሰው ብለን ደንብ እናፍርስ?» ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አንተ ራስህ ስትገባ ጠያቂ አልነበረህም። ያኔ መጀመሪያ የቆረስከው አንተ ነህ።»

«እኔ ሰው ገድዬ አልገባሁም፣ ሐጂ!»

«የገደለ አይብላ የሚል ደንብ የለንም። ይኑረን ካልክ፣ ከዚህ ክፍል ስንቱ ጦሙን እንደሚያድር እናያለን።»

አንዱ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ጥግ የተቀመጡ ሁለት ልጆች እግራቸውን ማየት ጀመሩ። ከተማው ውስጥ ማን በማን ላይ እንደተኮሰ እዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ትሪው መሃላችን ሽሮው እየቀዘቀዘ ተቀምጧል። ክፍሉ ከቦሌ ሚካኤል ዝቅ ብሎ ያለ የአንድ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ነበር። ቤቱን ቀበሌው ለጽሕፈት ቤት ወሰደው፤ ጋራዡን ለእኛ ለእስረኞቹ ሰጠን። ሲሚንቶው የሞተር ዘይት ጠጥቶ የኖረ ስለሆነ ብርድ ልብሳችንም፣ ፀጉራችንም፣ አንዳንዴ እንጀራውም ዘይት ዘይት ይሸታል።

ደንቡን ያወጡት ሐጂ ናቸው። ኦሎምፒያ አካባቢ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የክፍሉ አለቃ አድርገን መርጠናቸዋል። ከየቤታችን የሚመጣው ስንቅ ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል። እስላምም ክርስቲያንም አብሮ ስለሚበላ ሥጋ አይደረግበትም። ጠያቂ የሌለው ሰው ደግሞ መጀመሪያ ይቆርሳል። እሱ እጁን ሳይሰድ ማንም አይነካም። እንዲህ ሲሆን የሰው ስንቅ የሚለምን አይመስለውም፤ እኛ ነን የሱን እጅ የምንጠብቀው።

በዚያ ቀን ጠያቂ የሌለው ሃምሳ አለቃው ብቻ ነበር። ጦሩ መጥቶ እስኪወስደው እኛ ጋ ጥለውት ነው። እግሩን ሊታከም ከሰሜን ግንባር መጥቶ፣ ሚካኤል አጠገብ ጠጅ ቤት ገብቶ፣ የጦር ክፍሉ አንድ መንደር እንዴት እንዳቃጠለ ያወራል። ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ሄዶ ይናገራል። ክሱ የጠላት ወሬ መንዛት ነው።

«ስላቃጠልኩ መስሏችሁ?» ብሎን ነበር ሲገባ። «ያቃጠልኩ ጊዜማ ሲጋራ ነው የሰጡኝ።»

መምህሩን ያሳሰረው የትውልድ ቦታው ነው፤ እሱም የሰሜን ሰው ነው። እኔን ያሳሰረኝ ግጥም ነው። ሦስታችንም ለአብዮቱ አደገኞች ነበርን።

ሃምሳ አለቃው ትሪውን አላየም። በሩን ተደግፎ፣ የታመመ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ለምን አቃጠላችሁት?» አልኩት።

«አንተ ባለቅኔ፣ ግጥም ልታደርገው ነው?» አሉኝ ሐጂ።

ሃምሳ አለቃው ግን መለሰልኝ። «መንገዱ ላይ ፈንጂ ቀብረው ነበር። ፊት የሄደው መኪና ወጣበትና ፈነዳ። ያገሬን ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አነሳሁት። ብርድ ልብሱ ቀለለኝ። መንደሩ ቅርብ ነው። አዛዡ ‹ያውቁ ነበር› አለን።»

«ያውቁ ነበር?» አለ መምህሩ። በቀጥታ ሲያናግረው ይህ የመጀመሪያው ነው።

«አንዳንዱ ያውቅ ይሆናል። ሁሉም ያውቅ ይሆናል። እኔ አልጠየቅኩም። ክብሪቱ እኔ ጋ ነበር።»

«ሰዎቹስ?»

«የሮጠው ሮጠ።»

ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ወታደር የጫነውን በከባድ ድምፁ እናውቀዋለን። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።

«ደስ ብሎኝ ነበር፣ መምህር» አለ ሃምሳ አለቃው። «አልዋሽህም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።»

መምህሩ የመንደሩን ስም ጠየቀው። ነገረው።

«የእናቴ ቤት ከዚያ ቀጥሎ ያለው መንደር ነው» አለ መምህሩ። «እሱንም?»

«ወደዚያ የሄደው ሌላ የሻምበል ጦር ነው።» የታመመ እግሩን በእጁ ሰበሰበ። «እኔ ያየሁት ጭሱን ነው።»

ይዘልበታል ብዬ ጠበቅሁ። ሐጂም ሳይጠብቁ አልቀሩም፤ ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ይዘልበት ዘንድ የፈለግሁም ይመስለኛል። መምህሩ ግን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መልሶ አደረገው።

«ቁረስ» አለው። «ሰው ሁሉ ርቦታል። ቁረስ።»

ሃምሳ አለቃው ተጠግቶ ከዳር ቆረሰ፤ ከሽሮው ጠቀለለ። ገና አፉ ሳያደርስ በሩ ተከፈተ።

«መምህር! ተነስ፣ ለምርመራ!» አለ የአብዮት ጥበቃው።

ለምርመራ የሚጠራ ሰው ባዶ አፉን አይሄድም። ይሄ የማንም ደንብ አልነበረም፤ ማን ሊመለስ እንደሚችል ስለማናውቅ ብቻ፣ ቅርብ ያለው ሰው ያጎርሰዋል። የቆረሰ ደግሞ ሃምሳ አለቃው ብቻ ነበር። ግድግዳውን ይዞ ተነሣ፣ የጠቀለለውን ወደ መምህሩ አፍ ዘረጋ።

ከወጣሁ በኋላ ስለዚያ ጉርሻ ለመጻፍ ብዙ ሞክሬያለሁ። ግጥሙ ሁልጊዜ ይዋሽብኛል፤ ወይ መምህሩን ይቅር ያስብለዋል፣ ወይ ጉርሻውን ያስተፋዋል። ዛሬም በየሻይ ቤቱ ስለ ጦርነቱ ሲወራ «እነሱ ናቸው የጀመሩት» ሲባል እሰማለሁ። ልክ ሊሆን ይችላል። ሃምሳ አለቃውም ልክ ነበር፤ ፈንጂውን የቀበሩት እነሱ ናቸው። ልክ መሆኑ ከአንድ ጎጆ ላይ እንኳ እሳቱን አልመለሰም። እኔም መምህሩን ዳግመኛ አላየሁትም፤ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት አሉን። ይብላው፣ ይጣለው፣ አላውቅም።

የማውቀው ያየሁትን ነው። አፉን አልከፈተም። መዳፉን ዘረጋ።

«እዚህ አስቀምጠው» አለ።

ሃምሳ አለቃው አስቀመጠለት። መምህሩ ጣቶቹን በላዩ ላይ አጠፈ፣ በሌላው እጁ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፣ ወጣ። ጠባቂው የብረቱን በር ከውጭ ገፍቶ ዘጋው።