በቁሜ ጥቁር ተለበሰልኝ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ መርሳ ብመለስ ሆዴ አይችለውም። መጋቢያችንን «አንድ አፍታ ብቻ» ብዬ ለምኜ ነው የቆምኩት። አንድ አፍታ እንደማይበቃኝ ግን ታውቃላችሁ፤ ወሬ እወዳለሁ። ስሙ ይባረክ!

ትብለጥ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሀብሩ ነው፣ ከመርሳ ትንሽ ወጣ ብሎ። ዱባይ የሄድኩት በጉብኝት ቪዛ ነበር። እኔ ምን ልጎበኝ! ፎቁን? «አንዴ ግቢ እንጂ ሥራ ሞልቷል» ብለውኝ ገባሁ። ቪዛው አለቀ፤ እኔ ቀረሁ። ዓመት ዓመትን እየወለደ ቀረሁ።

ቅዱሳን፣ ያለ ወረቀት መኖር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ ፖሊስ ይመስላል። አትክልት ሻጩ ቀና ብሎ ካየኝ ሱቅ እቀይራለሁ። አውቶቡስ ላይ አማርኛ ከሰማሁ ሳልደርስ እወርዳለሁ፤ ሐበሻን የሚጠቁም ሐበሻ ነው ብለውኝ ነበርና። ስሜን ሄለን አልኩት። አገሬን አዲስ አበባ አልኩት። የወሎ አነጋገሬ እንዳያስነቃብኝ፣ ቃሉን ቆረጥ ቆረጥ እያደረግሁ እንደ ከተማ ልጅ ማውራት ለመድኩ። ፎቶ? በፍጹም! ስልክ ቁጥሬንም በየጊዜው እቀይራለሁ። ለእናቴ ስደውል እንኳ «ደኅና ነኝ» ብዬ ወዲያው እዘጋለሁ።

አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖር ማርታ የምትባል እህት ነበረች። ስትነሳ ትዘምራለች፣ ዕቃ ስታጥብ ትዘምራለች። እኔ ደግሞ «ይቺ እንዲህ የምትደሰተው ምን አግኝታ ነው?» እላለሁ። ጥያቄዋ አያልቅም።

«ሄሉዬ፣ አዲስ አበባ የት ሰፈር ነሽ?»

«ብዙ ሰፈር ኖረናል።»

«እናት አለችሽ?»

«ምን አገባሽ?»

«ኧረ እቴ፣ ልጸልይላት ብዬ ነው!»

ለጸሎት ሰፈር ምን ያደርግላታል? አልኩ በሆዴ።

በዚያ ላይ እናቴ ስልክ ላይ መምጣት አቆመች። የምታነሳው እህቴ ስንዱ ናት። «እማዬስ?» ስላት «ሐራ ገበያ ወርዳለች» ትላለች። ሌላ ጊዜ «ለቅሶ ሄዳለች»፣ ሌላ ጊዜ «ተኝታለች፣ አልቀሰቅሳትም።» የአገራችንን ወግ ታውቃላችሁ፤ ሰው አገር ላለ ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም። እዚያው ያሉ ሐበሾች ተሰብስበው በማለዳ እስኪነግሩት ድረስ ይደበቃል። እናቴ ሞታለች አልኩ። ማንን ልጠይቅ? የማምነው ሰው የለኝ!

አንድ ቀን ማርታ ማድ ቤት ሆና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ዓርብ ጠዋት ኑ። እሷ ድንጉጥ ናት፤ ቀስ ብለን እንነግራታለን።»

መርዶዬ መጣ አልኩ።

ዓርብ በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ነጭ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ተከታትለው ገቡ፤ አንዷ በሰሃን ምግብ ይዛለች። ማንም አልሳቀም። ገና «እንደምን አደርሽ» ሳይሉኝ ደረቴን መታሁ። «እናቴ! የመርሳዋ እናቴ! ልጅሽ ትብለጥ ሳትቀብርሽ!» ብዬ ጮህኩ። ስሜ ወጣ፣ አገሬ ወጣ፣ የወሎ ለቅሶዬ ወጣ፣ የደበቅሁት ሁሉ ወጣ።

እነሱስ ምን አደረጉ? አለቀሱ! ማን እንደ ሞተ ሳያውቁ አቅፈውኝ አለቀሱ። ሐበሻ አይደሉ? መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ሲበርድልን በዕድሜ የገፉት እናት ዓይናቸውን ጠርገው፣ «የኔ ልጅ፣ እናትሽ መቼ አረፉ?» አሉኝ።

«እናንተ አይደላችሁ ልትነግሩኝ የመጣችሁት?»

«እኛ? እኛማ ምሕረት ወጣ ልንልሽ ነው! ወረቀት የሌለው ያለ ቅጣት አገሩ ይግባ ተብሏል።»

ማርታ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። «አዲስ አበቤዋ! ወረቀት እንደሌለሽማ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ቁም ሣጥን ውስጥ ስትገቢ ነው ያወቅሁት» አለችኝ። «በይ አሁኑኑ ለቤትሽ ደውዪ።»

ደወልኩ። ሁሉም እየሰሙ ነው።

«ስንዱ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እማዬ ሞታለች?»

«ሟርተኛ! በሕይወት አለች!»

«አገናኚኛ!»

እሷ ማልቀስ ጀመረች። «እምቢ አለችን። ሞታለች የምትለው አንቺን ነው።»

«እኔን?»

«‹የምትደውለው የኔ ልጅ አይደለችም፤ የኔ ልጅ እንዲህ ቆራርጣ አታወራም፤ የሌላ ሰው ልጅ እያስደወላችሁ መርዶዬን ደበቃችሁኝ› አለች። ጥቁር ለብሳልሻለች፣ ትብለጥ። እህል አትቀምስም። ወልድያ ሐኪም ዘንድ ብንወስዳት ‹እኔ ያገኘሁባት በሽታ የለም፤ መድኃኒቷ ልጇ ናት፣ አምጡላት› አለን።»

ማርታ በስልኳ በቪድዮ አገናኘችን። እናቴ አጥንቷ ወጥቷል። «እማዬ!» አልኳት። ፊቷን አዞረች። «በስልክማ የሞተ ዘፋኝም ይዘፍናል» አለች።

እንግዲህ በአካል መሄድ ነው። ምሕረቱ ግን ወጥመድ ቢሆንስ? ጠርተው ቢያስሩኝስ? እኔ ብታሰር እናቴ በረሃብ መሞቷ ነው።

ማርታን «አንቺንም ጠርጥሬሽ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሻይ ስሰጥሽ ቀድሜ እስክቀምስ ትጠብቂ ነበር እኮ!» አለች። ተንበረከከችና «የሆድሽን ራስሽ ንገሪው» አለችኝ።

እኔም «ጌታ ሆይ፣ አንተንም አላምንህም። ግን የቀረኝ አንተ ብቻ ነህ፤ እናቴ ሳትሞት አድርሰኝ» አልኩ። ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ጸሎት ይሰማል? ይሰማል! ሃሌ ሉያ!

ቢሮው ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ስሜን ጠየቀኝ። «ትብለጥ» አልኩ። አሻራዬን ወሰደ፣ ማህተም መታ፣ «ኻላስ፣ አለቀ፣ ሂጂ» አለኝ። አልሄድኩም። ከኋላዬ የሚይዘኝ አለ ብዬ ድርቅ ብዬ ቆምኩ። ቀና ብሎ «ሂጂ እንጂ፣ ወረፋ ነው!» ብሎ ተቆጣኝ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ወገኖቼ! ስንቶቻችን ነን ጌታ «ነጻ ናችሁ፣ ሂዱ» ብሎን ቆመን የቀረነው? እዚያው መንገድ ላይ «ማርታ፣ ጌታሽን ጌታዬ ብያለሁ» አልኳት። ተመስገን!

መርሳ ከአውቶቡስ ስወርድ ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ አዩኝ። «ሱብሃነላህ! ትብለጥ!» ብለው ዘንቢላቸውን ጥለው ተከተሉኝ። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። አልተነሳችም። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ይቺን ደግሞ ከየት አመጣችኋት?» አለች ለስንዱ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

«ትመስላለች» አለች። «መምሰሉንስ ትመስላለች።»

«ኧረ ወላሂ እሷ ናት!» ቢሉ እትዬ ፋጡማ፣ «አንቺም አብረሻቸው ነሽ» አለቻቸው።

በሆዴ «ጌታዬ!» ብቻ አልኩ። እናቴ ሳትነካው የዋለውን የማሽላ ቂጣ ወደ እኔ ገፋችው። «ሙት አይበላም። እስቲ ብዪ።»

በላሁ። ዓይኗን ከጉሮሮዬ አልነቀለችም። ቂጣው ደርቋል፣ እንባዬም ገብቶበታል፤ ቶሎ ቶሎ ዋጥኩት። ያኔ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችና «ቀስ ብለሽ! ያንቅሻል! ድሮም እንዲሁ ነሽ፣ ስስታም!» አለችኝ። ከዚያው ቂጣ ቆርሳ እሷም ጎረሰች። ስንዱ እልል አለች። ስሙ ይባረክ!

በኋላ ቃሉን ሳነብ ምን አገኘሁ? ጌታችን ከሞት ተነሥቶ ሲመጣ ወዳጆቹ መንፈስ መሰላቸው። አልተቆጣቸውም፤ የሚበላ አምጡ ብሎ በፊታቸው በላ። እዚያ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አቅፌ አለቀስኩ።

እናቴ ዛሬ ነጭ ለብሳ ደብሯን ትሳለማለች፤ እኔን ወደዚህ ስትሸኘኝ «ምሳ ሰዓት እንዳያልፍብሽ» ትለኛለች። አንድ ገበታ እንበላለን። ለእኔ ከዚህ በላይ ተአምር የለም።

እዚህ መካከል ልቡ የሚጠራጠር ካለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጥርጣሬህን ጥለህ ና አልልህም። ይዘኸው ና። እኔም ይዤው ነው የሄድኩት፤ የተቀበለኝም ከነጥርጣሬዬ ነው። አሜን።