ባህሪያና የልጇ ጉሮሮ

ባህሪያ ከባለቤቷ ከጀማል ጋር ሲቀላ ገበያ አጠገብ ሱቅ ከከፈተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ደንበኞቿ ፊቷ ቶሎ የማይፈታ፣ ቃሏ ግን የማይታጠፍ ሴት መሆኗን ያውቃሉ። ዱቄቱ ውስጥ ነቀዝ አገኘሁ ብሎ የመጣ ሰው ሳታንገራግር ትቀይርለታለች፤ የዋሸ እንደሆነ ግን መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ልክ ልኩን ትነግረዋለች። ያን ዓመት ግን ቁጣዋ የሚያርፍበት አጣ።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ምሳ ላይ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጇ ሉብና ቆሮሶ ዓሣ ስትበላ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። ፊቷ ጠቆረ፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ጀማል ዘሎ ተነሥቶ ጎንበስ አደረጋትና ጀርባዋን ደጋግሞ መታው። አጥንቱ ከምራቅና ከደም ጋር ምንጣፉ ላይ ወደቀ፤ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነገር ናት። ጀማል "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ላቡን ጠረገና ወደ ሱቅ ሄደ። ሉብና ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሚታኘክ ነገር አፏ አላስገባችም።

መጀመሪያ ጉሮሮዋ ቆስሎ ይሆናል ተባለ። ሐኪም ቤት ሲወስዷት ሐኪሙ በመብራት አየ፣ ራጅ አስነሣ፣ "ምንም የለባትም" ብሎ መለሳቸው። ባህሪያ ሾርባ ትሠራለች፣ አጥሚት ታቀጥናለች፣ ሙዝ በወተት ትፈጫለች፣ የተቀቀለ ድንች በማጥለያ ታጠላለች። ለልጅቷ ከመስጠቷ በፊት ራሷ ትቀምሳለች፤ አንዲት ጓጓላ ካገኘች ደፍታው እንደገና ትሠራለች። አራት ወር እንዲህ ሄደ። የሉብና ዩኒፎርም ከትከሻዋ ይንሸራተት ጀመር፤ መምህሯም ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እንደሚጥላት ነገረቻቸው።

ምክር ያልነበረው ሰው የለም። አንዷ ዓይን በልቷት ነው አለች። ሌላዋ "አሞላቀቅሻት" አለች፤ ባህሪያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ሴት ሰላም አትላትም።

በመጨረሻ አንድ ነርስ ከከተማው ላይኛ ሰፈር፣ ሴቻ፣ ያለ ክሊኒክ የምትሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠቆማት። ምኞት ትባላለች፤ ከገረሴ የመጣች፣ ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። ምኞት ባህሪያን "እቤት እንደምታደርጉት አብሏት" ብላ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሉብና እናቷ ይዛ የመጣችውን ሾርባ በማንኪያ ፉት እያለች ስትጨርስ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀባት።

"ወይዘሮ ባህሪያ" አለች ምኞት፣ "ሉብና ከመዋጧ በፊት የምታየው ሾርባውን አይደለም። የእርስዎን ፊት ነው።"

"ፊቴ ምን ሆነ?"

"ትንፋሽዎን ይይዛሉ። እሷ ስትውጥ ነው የሚለቁት።"

ባህሪያ ደሟ ፈላ። "አራት ወር ከምድጃ ያልተለየሁት እኔ ነኝ። አሁን በሽታዋ አንቺ ነሽ ልትዪኝ ነው?"

"በሽታዋ እርስዎ አይደሉም። ግን ያለ እርስዎ አልችልም። እኔ የማገኛት በሳምንት አንድ ሰዓት ነው፤ እርስዎና አባቷ በየቀኑ አብራችኋት ናችሁ። በሚቀጥለው አቶ ጀማልም ይምጡ።"

ባህሪያ ሉብናን ይዛ ሳትሰናበት ወጣች። ወደ ሲቀላ በሚወርደው ባጃጅ ውስጥ "የትናንት ልጅ" እያለች ተንገበገበች። ማታ ለሉብና ወተት ስትሰጣት ግን ራሷን እጅ ከፍንጅ ያዘች፤ ትንፋሿ ደረቷ ላይ ቆሟል። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ያን ቅዳሜ ዓሣውን ያጠበችውና አጥንቱን የለቀመችው እሷ ነበረች። ሱቅ ሰው እየጠበቃት ስለነበር ቸኩላለች። ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም።

ጀማል "የታመመችው ልጅቷ፣ እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው የምሄደው? ሱቁንስ ማን ይይዛል?" አለ። ስለዚህ ባህሪያ ቁጣዋን ውጣ ወደ ምኞት ተመለሰችና ብቻዋን ጀመረች። ምኞት ያዘዘቻት ቀላል ይመስላል፦ በሹካ የተደፈጠጠ ሙዝ፣ ቀጥሎ ያልተደፈጠጠ፤ እናት ያንኑ አብራ ትበላለች፤ "ዋጥሽ?" ብላ አትጠይቅም። ባህሪያ ጥያቄውን ለማፈን ምላሷን ትነክስ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሉብና ግማሽ ሙዝ በላች።

በዚያው ሳምንት፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ የጀማል ታላቅ ወንድም ሙከሚል ለምሳ መጣ። ልጅቷ ሙዝ ስትቆርስ አይቶ ሳቀ። ባህሪያ ውሃ ልታመጣ ጓዳ ስትገባ የሉብናን አገጭ ይዞ ዳቦ አፏ ውስጥ ጎሰረ። "ትውጣለች፣ ምን አባቷ ትሆናለች" ሲል ባህሪያ ከጓዳ ሰማችው። ስትደርስ ሉብና ምንጣፉ ላይ ታስመልሳለች። ጀማል ሳህኑን አቀርቅሮ ያያል።

ከዚያ በኋላ ሉብና ውሃም እንቢ አለች። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰጣት። ባህሪያ እህቷን አልጋው አጠገብ አስቀምጣ በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄደች። ሦስት ደንበኞች ቆመዋል። አልጮኸችም።

"ወንድምህ አፏን ሲፈለቅቅ አንተ ሳህንህን ታይ ነበር።"

"ታላቄ ነው፣ ምን ልበለው?"

"ልጄን እስኪነካ ድረስ እኔም አክብሬዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እሷ ካለችበት ማዕድ አይቀርብም። አንተም ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ሴቻ ትወጣለህ። ካልወጣህ ሱቁን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ እቤት ተቀምጠህ ድንች ታጠላለህ።"

ደንበኞቹ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሳሙና እንደ አዲስ ነገር ያዩ ጀመር።

ማክሰኞ ጀማል መጣ፤ እጁን አጣጥፎ በር አጠገብ ተቀመጠ። ምኞት ስለዚያ ቅዳሜ እንዲያወራ ጠየቀችው። "ምን አለው፣ መታኋት ወጣ" ብሎ ጀመረና ያጣጠፈውን እጁን ፈታ። "ሁለቴ መትቻት አልወጣም" አለ። "ሞተች ብዬ ነበር።"

ሉብና ቀና ብላ አየችው። "አንተም ፈርተህ ነበር?"

"ከአንቺ በላይ።"

ባህሪያ ልታዝንለት ሲገባ ተናደደች። ከአራት ወር በላይ እሷ ብቻዋን ስትንቀጠቀጥ እሱ ይህን ይዞ ሱቅ ተቀምጦ ኖሯል። ልትሰድበው አፏን ስትከፍት ግን ሌላ ነገር ወጣት። "የዓሣውን አጥንት በደንብ ያልለቀምኩት እኔ ነኝ" አለች።

"አጥንቱ የዓሣው ነው እኮ" አለች ሉብና።

ይህ ከሆነ ስምንት ወር አለፈ። ጀማል አሁን ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ምሳ እቤት ይበላል፤ የሚያጉረመርም ደንበኛ ቢኖርም አይከፍትም። ሉብና ዳቦ በሻይ፣ ቀጥሎ እንጀራ በሽሮ ለምዳለች። ጉንፋን በያዛት ሰሞን ወደ ሾርባ ተመልሳ ነበር፤ ሁለቱም ሳይጮኹ እንደገና ከሙዝ ጀመሩ። ዓሣ ገና ነው። ምኞትም አታስቸኩላቸውም።

ለኢድ ሙከሚል ሽማግሌ ልኮ ነበር። ባህሪያ ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግዳ "የተበደልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሉብናን ራሱ ይቅርታ ይጠይቃት" አለቻቸው። ሙከሚል ትንሽ ልጅ ይቅርታ መጠየቅ አልሆነለትም። በሱቁ በር ሲያልፍ ሰላም ይላታል። ባህሪያ ስኳር እየመዘነች ትመልስለታለች፤ ግባ ግን አትለውም።