ያልዋጠችው ኪኒን

ጻፊ ልጄ። ይኼን እስከ ዛሬ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩት። ስናገር አታቋርጪኝ፣ ካቋረጥሽኝ ድጋሚ አልጀምረውም። ስጨርስ ተነስተሽ ትሄጂ ይሆናል፣ እሱንም ፈርቻለሁ።

እናትሽን ሐኪሙ ገደላት ትያለሽ። አይደለም። ልጄን ለቢላዋ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

አንቺ ያኔ ገና ዳዴ ትያለሽ። እናትሽ ከሐረር ግንብ ውጪ ታስተምር ነበር። ግፊቷ አልወርድ አለ፣ ፊቷም ነፋ ነፋ አለ። ሆዷን በመሣሪያ ሲያዩት ከኩላሊቷ በላይ ትንሽ እጢ ተገኘባት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት። ቁጭ አድርጎ አስረዳን። እጢዋ ዝም ብላ የተቀመጠች ከሆነች አትነካም፤ ሆርሞን ወደ ደሟ እየለቀቀች ከሆነ ግን ትወጣለች። የሚለየው ደሟ ነው አለ። ማታ አንዲት ኪኒን ትውጣለች፣ ጠዋት ደም ትሰጣለች። ኪኒኗ ሆርሞኑን ማውረድ አለባት፤ ካልወረደ የእጢዋ ሥራ ነው።

እኔ ይኼን ሁሉ ሰማሁ? የሰማሁት የኪኒኗን ስም ብቻ ነው። ዴክሳ። እዚህ ፈላና በር ሰፈር ዴክሳን የማያውቅ ማን አለ? ሠርጓ የደረሰ ልጅ ጉንጯ እንዲሞላ ገዝታ የምትውጣት ማወፈሪያ ናት። የጎረቤቴ ልጅ በሷ አብጣ አልጋ ስትይዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ የኔን ልጅ፣ ያበጠችውን፣ ማወፈሪያ ይሰጧታል? ለእናትሽ ብነግራት ሳቀችብኝ። "እማዬ ደግሞ፣ በአንድ ፍሬ ከወፈርኩማ እሰየው፣ ጎረቤት ይቅናብሽ" አለችኝ።

ልትተኛ ስትል ኪኒኗን አቀብዪኝ አለች። ዴክሳዋን ጉያዬ ሸጎጥኩና እሷኑ የምታክል ነጭ ኪኒን፣ ለጨጓራዬ የታዘዘችልኝን ሰጠኋት። እጄን አምና ዋጠች።

ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ መልሱ መጣ፤ ሆርሞኑ አልወረደም። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና ኪኒኗን በደንብ ውጠሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። እናቴ ናት ያዋጠችኝ አለችው። ወደ እኔ ዞረ።

"እማማ፣ ውጣለች?"

"አዎ ልጄ፣ ዓይኔ እያየ።"

እንዲህ አልኩ። እኔ። ልጄ በሰው ፊት እንዳታፍርብኝ ብዬ። እውነቱን ብናገር ምን ይመጣ ነበር? ትቆጣኝ ነበር፣ ደም ደግማ ትሰጥ ነበር፣ አለቀ። ሐኪሙ ግን እጢዋ ትውጣ አለ። አዲስ አበባ ወስደው ቀደዷት። አልነቃችም።

እጢዋ የእውነት ክፉ ነበረች ይሆን? ኪኒኗን ብትውጥስ ደሟ ያንኑ ይል ነበር? በዚህ ራሴን ላጽናና ስንት ጊዜ ሞከርኩ። እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኮ እኔው ነኝ። በምን አፌ ልጽናና?

ያ ሐኪም ዛሬም እዚሁ ሐረር ነው። ባጃጅ ስንጠብቅ ካየን ሰላም ይለናል። አንቺ ፊትሽን ታዞሪበታለሽ። እኔ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ እስባለሁ። ስንት ዓመት በኔ ኃጢአት ሲጠላ ዝም አልኩ።

ሞትን አይደለም የምፈራው። እዚያ ስደርስ እናትሽ "እማዬ፣ ምን ነበር ያዋጥሽኝ?" ትለኛለች። እሷን ነው የምፈራው።

እጅሽ ቆመ። ጻፊው፣ አታለሳልሺልኝ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ሐኪሙን ስታገኚው ግን ሰላም በይው። ፊትሽን የምታዞሪበት ሰው ከፈለግሽ፣ ይኸው አጠገብሽ ተቀምጫለሁ።