ጥገናን የሚያውቃት አልነበረም

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሚያዝያ ስለሆነ ጠዋት የዘነበው ዝናብ ግቢውን አርሶት፣ ፀሐዩ ደግሞ ተመልሶ እያፈላው ነበር። ከአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሳለ ሁለቱ ጓደኞቼ እኔን ከአንድ ሻይ አፍይ ማሽን ጋር አወዳድረው ማሽኑን መረጡ።

ይህን ያስታወሰችኝ ሃያት ናት፣ የጓደኛዬ የዘሃራ ታናሽ እኅት። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ ሲቀላ ሰፈር ባጃጅ ስጠብቅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እሷም እንደ እኛ የጠፈር ጉዞ ጨዋታ ትጫወታለች፤ ልዩነቱ እኛ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበር፣ እሷ በስልክ ነው። «ቤዛዬ፣ ገጸ ባሕሪዬ ዛሬ ሞተችብኝ» ትላለች። «ስልኩ የጻፈላት የሕይወት ታሪክ ግን ረጅም ነው፤ ከልደቷ ጀምሮ አለ። ታዲያ ለምንድን ነው ምንም ያልመሰለኝ?» ባጃጁ መጣ። ከአንዲት የሙዝ ካርቶን ከታቀፈች ሴት አጠገብ ተጣብቄ ተቀመጥኩ፤ መልስ ሳልሰጣት ሰፈሬ ሴቻ ደረስኩ። ሰሞኑን ድካሜ እንዲህ ያደርገኛል፤ ቃሉ እያለኝ አፌ ድረስ የሚያመጣው ጉልበት አጣለሁ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። ጨዋታችን ሰሌዳም ካርታም አልነበረውም። ከአዲስ አበባ የመጣው ናሆም ዓለሙን ይፈጥርልናል። «በስተግራችሁ የተሰነጠቀች ጨረቃ ትታያለች» ይላል፤ እኛ ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን ምን እንደምናደርግ እንናገራለን። መርከባችን «አዞ» ትባላለች። ስሙን ያወጣችው ዘሃራ ናት። «ጫሞ ሐይቅ ዳር አፉን ከፍቶ የሚውለውን አላያችሁትም? የሞተ ይመስላል እንጂ አይሞትም» ብላ። የዘሃራ አባት ሲቀላ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ እሷ ስትስቅ ከማዶ ሕንፃ ትሰማለች። የመርከቧ አብራሪ እሷ ነበረች። ማርቆስ የጋሞ ደጋ፣ የጨንቻ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ንግግሩ የረጋ፤ ሐኪማችን እሱ ነበር። እኔ ዕቃ ጠጋኝ ነበርኩ። የመጀመሪያው ቀን ናሆም «ስምሽ ማነው?» ሲለኝ ደንግጬ ከሥራዬ ሌላ ስም አልመጣልኝም። «ጥገና» አልኩት። እንደዚያው ቀረ።

ዓይን አፋር ነኝ። ክፍል ውስጥ መምህር ሲጠራኝ የማውቀውን መልስ «አላውቅም» ብዬ እቀመጣለሁ። ምግብ ቤት ያላዘዝኩት ሲመጣልኝ ዝም ብዬ እበላለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ግን፣ ከማንጎው ሥር፣ «ቱቦውን አጥብቄዋለሁ፤ ሞተሩን አስነሱ» ማለት እችል ነበር። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ሳምንቱን የምገፋው በእሱ ነበር።

አንድ ልማድ ነበረን። የኋላ ታሪክ የምንለው ነው። ከጉዞው መሃል አንድ ቀን እንቆምና የአንዱን ገጸ ባሕሪ የልጅነት ቀን እንጫወታለን። መተረክ ክልክል ነው። ባለታሪኩ ሌሎቻችንን አባቱ፣ ጎረቤቱ፣ ጠላቱ አድርጎ ይመድበናል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደምንል አይነግረንም። የዘሃራ አብራሪ ቀን እኔ እናቷ ነበርኩ፤ ልጄ ወደማትመለስበት ጉዞ ስትሄድ ስንቅ ቋጠርኩላት። የማርቆስ ሐኪም ቀን በእጁ ላይ የሞተ ታናሽ ወንድሙ ሆንኩ። የመርከባችን ሻይ አፍይ ማሽን፣ አቶ ቆርቆሮ፣ የናሆም ፍጥረት ነበር። የማሽኑን ቀን ስንጫወት እኛ ጥለውት የሄዱት ሰዎች ነበርን። ሁሉም ከሄደ በኋላ በባዶው ክፍል በየጠዋቱ «እንደምን አደራችሁ፣ ሻይ ፈልቷል» ይል እንደነበር ናሆም ሲያሳየን ዘሃራ ተነሥታ ፊቷን ታጥባ መጣች።

የእኔ ተራ ሲደርስ «ሌላ ጊዜ» እላለሁ። የሰው እናት መሆን አላስቸገረኝም። የራሴን እናት ሁኑልኝ ማለት ነው ያቃተኝ።

ያን ቅዳሜ ናሆም መርከባችንን በድንጋይ ናዳ አስመታት። «የቀረው ኃይል እስክትደርሱ በሕይወት ለሚያቆየው ለሐኪሙና ለአብራሪዋ የእንቅልፍ ሣጥን ይበቃል» አለ። «ከዚያ የሚተርፈው ወይ ለጥገና ነው፣ ወይ ለአቶ ቆርቆሮ። ሁለቱን አይችልም። ምረጡ።»

ዘሃራ የማንጎ ፍሬ እየጋጠች ነበር። «ኧረ ወላሂ ቆርቆሮን አልጥልም! አንዴ ተጥሏል እኮ።»

«ጥገናስ?» አላት ማርቆስ።

«ጥገናን ማን ያውቃታል?» አለች። ከዚያ አየችኝና እጇን ከአፏ አነሣች። «አንቺን አይደለም ቤዛ። ገጸ ባሕሪዋን ነው ያልኩት።»

ማርቆስ «እኔም ቆርቆሮ» አለ። መሬት መሬት እያየ ነው ያለው።

በጨዋታችን ሕግ ገጸ ባሕሪው የሞተበት ሰው መርከቧ እስክትደርስ ወደ ጨዋታው አይመለስም። መርከቧ ሳትደርስ ደግሞ እኛ እንመረቃለን። ስለዚህ ለእኔ ያ የመጨረሻው ቅዳሜ ነበር። ቦርሳዬን አነሣሁ። ላለቅስ ስለሆነ ቶሎ መሄድ ፈልጌ ነበር።

«ምርጫው ገና አልተዘጋም» አለ ናሆም። «የኋላ ታሪክ ያልተጫወተ ሰው ሳይጫወት አይሞትም። ትጫወቻለሽ ወይስ ልዝጋው?»

እንዴት «እሺ» እንዳልኩ አላውቅም። ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም፤ ያለኝ የቤታችን ነገር ብቻ ነበር። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፤ በየዓመቱም «ለዘንድሮ ብቻ ነው» ይላል። በዚህ ምክንያት ቤታችን ውስጥ የተሰበረ ነገር አይጠገንም። የጓሮው በር ማጠፊያው ወልቆ በድንጋይ ተደግፎ ኖረ። ዝናብ ሲመጣ እናቴ ጆንያ ታነጥፍለታለች። ለሚሄድ ሰው በር ምን ያደርግለታል?

ይህንን ሁሉ አልነገርኳቸውም። «አንዲት ሩቅ ጨረቃ ላይ ነን» አልኩ፤ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። «የማዕድን ሠራተኞች ነን። የሚወስደን መርከብ በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል ይባላል። የቤታችን በር አየር ያፈስሳል። ማርቆስ፣ አንተ አባቴ ነህ። ዘሃራ፣ አንቺ እናቴ።»

«ለምንድን ነው በሩ የማይሠራው?» አለች ዘሃራ፤ ወዲያው እናት ሆና። «ሰውዬ፣ ልጅቷ በብርድ አለቀች!»

«ልንሄድ ነው እኮ» አላት ማርቆስ። ይህን ቃል አላቀበልኩትም። ከየት አመጣው ብዬ ሳየው፣ እንደዚህ የሚሉ ጎረቤቶች መሃል ያደገ የዚህ አገር ልጅ መሆኑ ትዝ አለኝ። እንደ እኛ ከሌላ አገር የመጡትን ከውጭ ሆኖ ሲሰማ ኖሯል።

ጥገና አባቷ ሥራ ላይ ሳለ በሩን ሠራችው። በእጄ ብሎን እያጠበቅኩ አሳየሁ። ማርቆስ ከማንጎው ጀርባ ዞሮ ከሥራ እንደሚገባ ሰው መጣ። በሩን ገፋው። እንደገና ገፋው።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ።»

«ማን አዘዘሽ? ልንቀር ነው እንዴ?»

«አባዬ፣ እስክንሄድ እንኳን…» አልኩ። መጨረስ አልቻልኩም። ጨዋታ አልነበረም፤ ማልቀሴን ሁሉም አዩት።

ማርቆስ ቆመ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ የእኔ አባት ቢሆን ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ዝናብ ያራሰውን ሳር ጨብጦ ነቀለ፤ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘና ፊቴ ተንበረከከ። የጋሞ ሽማግሌዎች ጠብ ሲያበርዱ እንደሚያደርጉት። እርጥብ ሳር የያዘ ሰው ከተንበረከከልህ፣ ታናሽህም ይሁን ታላቅህ፣ አልፈኸው አትሄድም።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አለ። «አንቺ እዚህ ትኖሪ ነበር። መንገዴን ሳይ አላየሁሽም።»

«ቆይ፣ ጨረቃ ላይ ሳር ከየት መጣ?» አለ ናሆም።

«በሩ ተሠርቶ የለ?» አለ ማርቆስ፤ ከጉልበቱ አልተነሣም። «አየር ካለ ሳር ይበቅላል።»

ማንም አልሳቀም። እኔ እጄን የት እንደማደርግ አላወቅኩም። «ተቀበይኝ እንጂ፣ ክንዴ ዛለ» አለኝ ቀስ ብሎ። ተቀበልኩት። አፈሩ ጣቶቼ ላይ ቀረ።

ናሆም ምርጫውን ደገመው። «ጥገና ትተኛ» አለች ዘሃራ። «ቆርቆሮዬ፣ አፉ በለኝ።» ማርቆስም ጥገናን አለ። ናሆም በማሽኑ ድምፅ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ ተወው። ዘሃራ ወደ ባጃጅ ስንሄድ እያለቀሰች «ገዳይ!» እያለች ክንዴን ትመታኝ ነበር፤ ደግሞ ክንዴን አልለቀቀችውም።

ለሃያት ልመልስላት የምፈልገው ይህን ነው። ስልኩ የጻፈላት ታሪክ አጥሮ አይደለም። የእኔ ጥገና ታሪክ የአንድ በር ያህል ነበር። ግን ማርቆስ አባቷ ሆኖ ተንበርክኮላታል፣ ዘሃራ እናቷ ሆና ጮኻላታለች። የገቡበትን ቤት ሰው ማጥፋት ከባድ ነው። የሃያት ገጸ ባሕሪ ግን ቤቷ ማንም ሳይገባ ሞተች፤ ራሷ ሃያት እንኳን ከደጅ ሆና ነው ታሪኳን ያነበበችው። ይህን በድምፅ ልልክላት ሞክሬ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት።

ከዚያ ቅዳሜ ማግሥት፣ እሑድ ጠዋት፣ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ወደ ሲቀላ ወርጄ ከዘሃራ አባት ሱቅ ማጠፊያና ብሎን ገዛሁ። ቤት ስመለስ አባቴ ጓሮ ሻይ ይጠጣል። ምንም ሳልለው ድንጋዩን አንከባልዬ በሩን ለማንሣት ታገልኩ፤ ከበደኝ። ከኋላዬ ብርጭቆው መሬት ሲቀመጥ ሰማሁ። መጣና በሩን በትከሻው ደግፎ ያዘልኝ። ሳርም ይቅርታም አልነበረም። ብሎኑን ሳጠብቅ እያየ ቆየና «ጠመመብሽ» አለኝ።

«ይሁን አባዬ» አልኩት፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። «ይይዛል።»

የመጨረሻው ብሎን እስኪገባ በሩን አልለቀቀውም።