ጮክ ተብሎ የሚነበብ ፋይል

ነገሩ የጀመረው አንድ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው ማዳም የጉልበቷን መድኃኒት የምትወስደው በዚያ ሰዓት ስለነበር ነው። ኪኒኑንና ውኃውን በትሪ ይዤ ወደ ሳሎን ስገባ ደወል ተደወለ። ከፈትኩ። ሰማያዊ ፋይል ደረቷ ላይ ያቀፈች ልጅ ቆማለች። ዕድሜዋ ከእኔ አይበልጥም፤ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። በትከሻዬ በኩል ወደ ውስጥ እያየች "ኡስታዛ አለች?" አለችኝ፤ ማዳምን በማዕረግ መጥራቷ ነው።

ማዳም፣ እኔ በሠራተኝነት ባለሁበት ዐረብ አገር፣ ባያን በሚባል ሰፈር ባለው ቤቷ የአራት ልጆች እናት ናት፤ ከቤት ውጭ ግን የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት። መሥሪያ ቤቱ ከአገር የሚወጡትንና ወደ አገር የሚገቡትን ዕቃዎች ይመረምራል። ሁሉንም አይደለም፤ ለሰላማዊ ሥራም ለጦር መሣሪያም ሊውሉ የሚችሉትን ብቻ። ፓምፕ፣ ቱቦ፣ ኬሚካል፣ እንዲህ ያለውን። ያን ሰሞን ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና ቤት ስለዋለች ሥራዋ ተከትሏት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሰፈረ።

አንድ ልማድ ነበራት። የሚፈርመው ሰው ከመፈረሙ በፊት ፋይሉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ ያነባል፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ንባቡ ሲያልቅ ሦስት ጥያቄ ትጠይቃለች። ዕቃው ምንድን ነው? ማን ይጠቀምበታል? የት ይቀመጣል? ከዚያ ፋይሉ አንድ ሌሊት ያድራል። ጠዋት የፈራሚው ሐሳብ ካልተለወጠ ይፈረማል። ለሦስት ሳምንት ሻይ እየቀዳሁ ይህንኑ ስሰማ ስለከረምኩ፣ ጥያቄዎቹን በልቤ መመለስ ጀምሬ ነበር።

እኔም የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። በዚያ ቤት ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ስለሚጠፋ፣ አገር ቤት ሥራ ስፈልግ በነበረበት ጊዜም ፈተናውን አልፌ ቃለ መጠይቁ ላይ እወድቅ ነበር። ስለዚህ ማዳም ያን ቀን ልጅቷን፣ የመሥሪያ ቤቷን ሠራተኛ፣ አጠገቧ አስቀምጣ እጇን ስትይዛት ያቃጠለኝ የሥራው ትልቅነት አልነበረም። እሷን የሚጠይቃት ሰው መኖሩ ነበር።

"ይሄን እኔ አልፈርመውም" አለቻት ማዳም። "ፈራሚዋ አንቺ ነሽ። በደንብ ከተወጣሽው የክፍሉ ኃላፊ አደርግሻለሁ፣ ቢንቲ።"

ቢንቲ ማለት ልጄ ማለት ነው። ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ።

"ኧረ ቀስ" አለችኝ ማዳም፣ ሳታየኝ።

ልጅቷ ማንበብ ጀመረች። አንድ ድርጅት ከውጭ አርባ በርሜል ፈሳሽ ለማስገባት ፈቃድ ይጠይቃል። የኬሚካሉ ስም ላይ ስትደርስ ተደናቀፈች፤ ሦስት ቦታ ቆራርጣ እንደምንም አለፈችው። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ በከንፈሬ ብቻ አስተካክዬ አልኩት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የእስክርቢቶ ቀለም ይሠራበታል፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ደግሞ ቆዳ የሚልጥና ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ይወጣዋል። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ መምህራችን ያን መርዝ ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው፣ የአባቴ አያት በጣሊያን ጊዜ አውሮፕላን መርዝ የረጨበትን ሣር ረግጠው እግራቸው እንዴት እንደተላጠ አባቴ የነገረኝ ትዝ ብሎኝ ነበር። አባቴ ሲያወራው ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ከዚያ አድራሻው ተነበበ። ፊንጣስ፣ ብሎኩ፣ መንገዱ፣ የሕንፃው ቁጥር፤ ምድር ቤት፣ ሦስተኛ በር፣ መጋዘን።

የስኳር ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። ያን ሕንፃ ሰው ቤት ከምንሠራ ሐበሾች የማያውቀው የለም። የመጀመሪያው በር የሐበሻ ሱቅ ነው፤ ሁለተኛው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሦስተኛው የሻንጣ ክፍላችን ነው። የምንተኛበት ክፍል ጠባብ ስለሆነ፣ ለአገር ቤት የምንገዛውን ብርድ ልብስ፣ ሰሃን፣ ጫማ በካርጎ እስክንልከው እዚያ እናስቀምጣለን። የእኔም ሻንጣ እዚያው ነበር።

"የት ይቀመጣል?" አለች ማዳም ዓይኗን እንደጨፈነች።

"መጋዘናቸው ውስጥ። ደውዬ አረጋግጫለሁ። የበሩንና የመደርደሪያውን ፎቶም ልከውልኛል።"

"ብራቮ። ይደር። ነገ ወደ ቢሮ ስትሄጂ በዚህ በኩል እለፊና እዚሁ ፈርሚ።"

ልጅቷ ሄዳ ማየቷን ማዳም አልጠየቀችም። እነሱ ፊንጣስ የሚሄዱት ባሕሩ ዳር ለመብላት ነው፤ የእኛን ሕንፃ ደረጃ ምን ሊያደርጉ ይረግጡታል? ልጅቷ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ "ሻይሽ ይጣፍጣል" አለችኝ። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

ራት ከማቅረቤ በፊት ሱቁ ውስጥ ለምትሠራው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ።

"ሦስተኛው በር አሁንም የሻንጣ ነው?"

"ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል? ቤተ መንግሥት?"

"በርሜል ምናምን አልገባበትም?"

"በርሜል! እኔ ራሴ በጎኔ ነው የምገባው። ያንቺ ሻንጣ ላይ ባለቤቱ ያልታወቀ ድስት ተቆልሎበታል። ባክሽ ላኪውና እንገላገል።"

"ሰሞኑን ፎቶ ያነሣ ሰው አልነበረም?"

"አንድ ዘናጭ ሰውዬ መጥቶ በሩን አነሣ፣ የእኛን መደርደሪያ አነሣ። ሱቁን ሊገዛው ነው ብዬ ለስላሳ በነፃ ጋበዝኩት። ምነው? ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?"

"አይ፣ እንዲሁ ነው።"

"እንዲሁ! አንቺ ልጅ እንዲሁ ደውለሽ አታውቂም። የስልክ ካርድሽን እንደ ዓይንሽ ብሌን ነው የምትጠብቂው።"

ሳቀችና ዘጋችው። እኔ ግን ሰሃን እያጠብኩ አንድ ሐሳብ እንደ ከረሜላ ስመጥጥ ቆየሁ። ዝም ብል ትፈርማለች። ከፈረመች አንድ ቀን ይታወቃል። ያን ቀን ማዳም "ቢንቲ" አትላትም። ይህ ሐሳብ እንደጣፈጠኝ አልደብቅም። ደጋግሜ ወደ እሱ ተመለስኩ። በርሜሎቹ ትዝ ሲሉኝ አፌ መረረ፤ ግን ልጅቷ ፋይሏን አቅፋ እንደቆመች ፊቴ ድቅን ስትል ተመልሶ ጣፈጠኝ።

ብናገርስ? ከእኔ በፊት የነበረችውን ሠራተኛ ማዳም ወደ መክተቡ፣ ወዳስመጣት የሠራተኛ ቢሮ፣ የመለሰቻት የማዳምን ስልክ አንሥታ "ሃሎ" ስላለች ብቻ ነው። እኔ የመንግሥት ፋይል አዳምጬ አስተያየት ልሰጥ ነው። ሌላው ደግሞ የባሰ ነበር። ከተናገርኩ ልጅቷ ከስሕተቷ ትድናለች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትሾማለች።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማዳም ብቻዋን ለቁርስ ቀረበች። እንቁላሉን አስቀመጥኩላት፤ አልተናገርኩም። ዳቦ ጨመርኩ፤ አልተናገርኩም። ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ልጅቷ እስክትመጣ መጠበቄ ነበር። እንድትሰማኝ ፈልጌ ነበር።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። ተቀመጠች። ፋይሉን ገልጣ የእስክርቢቶዋን ክዳን አወለቀች። ትሪውን አስቀመጥኩ።

"ማዳም፣ ያ ቦታ መጋዘን አይደለም።"

ሁለቱም ቀና አሉ። "የቱ ቦታ?" አለች ማዳም።

"ፊንጣስ ያለው። ሦስተኛው በር። የእኛ የሠራተኞች ሻንጣ ነው ያለበት። አርባ በርሜል ቀርቶ አራት አይገባበትም። ሰው ልከው በራችንን ፎቶ አስነሡ፤ መደርደሪያው ግን የጎረቤቱ ሱቅ ነው።" ድምፄ አልጠፋም።

"ፋይል ሲነበብ ታዳምጫለሽ?"

"ጮክ ተብሎ ነው የሚነበበው፣ ማዳም።"

ልጅቷ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ወደ እሷ ዞሬ የኬሚካሉን ስም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሳልቆርጥ አልኩት፤ "እንዲህ ነው የሚባለው" አልኳት። ለማንም የሚጠቅም አልነበረም። ፊቷ ቀላ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

 ማዳም ለልጅቷ "ክደኚው" አለቻት፣ እስክርቢቶውን። "ሄደሽ በዓይንሽ እዪ። እሷ ታሳይሻለች።" ለእኔ ደግሞ "ስትመለሺ እንነጋገራለን" አለችኝ። ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር ከድምፅዋ አልለየሁም።

ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ። የማዳም ሹፌር፣ የአገሬ ሰው፣ መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቃል። ልጅቷ ከኋላ ገብታ ቦርሳዋን ከመቀመጫው አነሣችልኝና ጠጋ አለች።

"የት ነው የተማርሽው?" አለችኝ በተከፈተው በር፣ ቀስ ብላ።

ጥያቄው ይኸው መጣ፤ የመጣው ግን ከማዳም ሳይሆን ከእሷ ነው። "አገሬ" ብዬ በሩን ዘጋሁላት፤ ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን ገባሁ።

"ምን አጥፍተሽ ነው?" አለኝ እሱ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምንም። ወደ ፊንጣስ ንዳ" አልኩትና ቀበቶዬን አሰርኩ።