የጋሼ መዳፍ በቀዝቃዛው ሞተር ላይ

ጋሼ በቅሎ ሲገዙ ሻጩ ቤት ሳይታሰቡ በማለዳ ይደርሱ ነበር። «እንግዳ ፊት ማን ይቆጣል? ሳይጠብቅህ ድረስበት» ይሉኝ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ። ዛሬም የምነዳትን፣ ድሮ የባለሥልጣን የነበረችውን አሮጌ ጥቁር መኪና አሰላ ከአንድ ነጋዴ ልገዛ ስልም እንዲሁ ሆነ።

በቀጠሯችን ጠዋት፣ ነጋዴው ቁልፉን ሳያዞር፣ ጋሼ መዳፋቸውን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፉ። ክዳኑ ይሞቃል።

«ልጄ፣ ቀድሞ አሙቋታል፤ በብርድ ስትነሣ እንዳናይ ነው። እንሂድ።»

በማግስቱ ሳንነግረው ደረስን። መስታወቷን ውርጭ ሸፍኖታል፤ ክዳኗ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ነጋዴው እያፈረ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ እንደ ሽማግሌ ሳለች፣ ጢስ ተፋች፣ ደግማ ሳለችና ተነሣች።

«አርጅቶ የማይስል የለም። ተነሥታለች፣ ውሰዳት!» ብለው ጋሼ ከልባቸው ሳቁ።

ባለፈው ታኅሣሥ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው ሮቤ ላይ ታመሙ። ልወስዳቸው ስደርስ «ቤቴ አድርሰኝ፤ በሰው ቤት አልሙት» አሉኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ቁልፉን አዞርኩ። መኪናዋ ሳለች፣ ሳለች፣ ተነሣች።

«አላልኩህም?» አሉ ከኋላ ወንበር ተጋድመው።

ቤታቸው ገቡ። የንስሐ አባታቸውን አገኙ፣ ልጆቻቸውን መረቁ፣ በገዛ አልጋቸው ላይ አረፉ። ስለዚህ እያለቀስኩም እፎይ እላለሁ።

ዛሬ ማለዳም ቁልፉን ከማዞሬ በፊት መዳፌን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩ። የእሳቸው መዳፍ ከጎኑ የለም። ገብቼ ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ እንደ ልማዷ ሳለች።

ሳቃቸውን ስጠብቅ ተነሣች።