ገበያ ብዬ የወጣሁ ዕለት

ባለቤቴ ከከባድ ኦፕራሲዮን ተርፋ ከደብረ ብርሃን ከተመለሰች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። ለማርያም የተሳልኩትን ሙክት ላስገባ ስነሳ፣ ልከተልህ እንዳትለኝ «መሐል ሜዳ ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብያት ወጣሁ። ለስለት ሲሄዱ መዋሸት ደግ አለመሆኑን አላጣሁትም።

ሙክቱ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተኝቶ አልነሳም አለኝ። ሰው እየሳቀብኝ ስጎትተው አንድ ምርኩዝ ከኋላው ቸብ ሲያደርገው ብድግ አለ።

ዞር ስል ራሷ ናት! በሌላው እጇ ጧፍ ይዛለች።

«ገበያው እዚህ ሆነ እንዴ?»

መግቢያ አጣሁ። የንስሐ አባታችን ጧፉን ተቀብለው፣ «እንኳን ስለትሽ ሰመረ፤ ይኸው በእግርሽ ቆምሽ» አሏት።

«ለራሴ አይደለም የተሳልኩት አባ፤ ለእሱ ነው። ከታመምኩ ወዲህ እህል ባፉ አልዞረም ነበር። ትናንት ጠግቦ በላ።»